«ዋናው የፍሳሽ መስመር በሰፈራችን አልፏል» ማለት ምን ማለት ነው?
በአዲስ አበባ ዳርቻ ዋናው መስመር በደጅዎ አለፈ ማለት ቤትዎ ተገናኘ ማለት አይደለም። ዋና መስመር የብዙ ሰፈሮችን ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ያደርሳል፤ ቤት የሚቀጠለው በኋላ በሚዘረጋው የሰፈር መስመር ላይ ነው። ፍሳሽ በቁልቁለት ስለሚሄድ ሥራው ከታች፣ ከማጣሪያው በኩል ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ቱቦውም ገና ላልተሠሩ ቤቶች ጭምር የሚበቃ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ወጪው ቀድሞ ይወጣል፣ የተጠቃሚዎች ክፍያ ዘግይቶ ይመጣል።

ቤት ሲገነቡ የቱቦውን ጥልቀት ይለኩ። የሽንት ቤቱ ቱቦ 60 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቢወጣና ማንሆሉ (የመስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ) 40 ሜትር ቢርቅ፣ በሜትር 2 ሳንቲሜትር ቁልቁለት 80 ሳንቲሜትር ይጨመራል፤ ሜዳ ላይ 1.40 ሜትር ይደርሳል። የማንሆሉ መግቢያ 1.20 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆነ ቱቦው ከመግቢያው በታች ስለሚደርስ በዚህ ቁልቁለት ያለ ፓምፕ አይሆንም። የጣሪያ ውሃ ደግሞ በፍጹም ወደ ፍሳሽ መስመሩ አያስገቡ፤ ክረምት ላይ ዝቅ ባለው ጎረቤት ሽንት ቤት ተመልሶ ይወጣል።