ትንሿ መስቀል በእጅ አንጓ ላይ፦ ከመርፌው በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ትልቅ ሥዕል አይደለም። አንጓዬ ላይ ቀጭን መስቀል ወይም አንዲት የግእዝ ቃል ብቻ ብነቀስ ምን አለበት?» ይላሉ። ጥያቄው ቅን ነው፤ በቁጣ ሊዘጋ አይገባም። «ትንሽ ናት» የሚለው ቃል ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ቀጭኗ ንቅሳት ከትልቁ ይልቅ ስሕተትን አትችልም፤ በቆዳም በኩል፣ በነፍስም በኩል።

መጀመሪያ የሚጠቀሰው ዘሌ. 19፥28 ነው፦ «ስለ ሞተውም ሥጋችሁን አትንጩ፥ ገላችሁንም አትንቀሱት፤ እኔ እግዚአብሔር ነኝ።» ይህን ጥቅስ አንሥቶ ግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸውን እናቶቻችንን የሚወቅስ ይታረም። በትግራይና በጎንደር ገጠር መስቀሉን በግንባራቸው ይዘው ዕድሜያቸውን በጾምና በጸሎት የፈጸሙ ብዙዎች ናቸው። ግብፃውያን ኦርቶዶክሳውያንም በቀኝ እጃቸው አንጓ፣ በውስጠኛው በኩል፣ ትንሽ መስቀል የመነቀስ የቆየ ልማድ አላቸው። ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ ምዕመናንም ከወይራ እንጨት በተቀረጸ ማኅተም ንድፉን እጃቸው ላይ አትመው ይነቀሱ ነበር። ሆኖም «እናቴ ተነቅሳለች፣ እኔም» ብሎ መደምደም አይቻልም። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ገና ልጆች ሳሉ፣ ሳይጠየቁ የተነቀሱ ናቸው። እናንተ በፈቃዳችሁ ልትነቀሱ ነው፤ ስለዚህ መልሱም ከእናንተ ይጠበቃል።

ሐዋርያው ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደ ሆነ ከነገረን በኋላ «በዋጋ ተገዝታችኋልና» ይላል (1ቆሮ. 6፥20)። በዋጋ የተገዛ ቤት ግድግዳ ላይ ባለቤቱን ሳይጠይቁ አይጽፉም። እዚያው መልእክት ላይ ደግሞ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ሁሉ ግን የሚጠቅም አይደለም» ብሏል (10፥23)። ሐሳባችንን ሳንሸሽግ እንናገር፦ ለጌጥ ከሆነ፣ ጓደኛ ስለ ተነቀሰ ወይም ፎቶ ላይ ስላማረ ከሆነ፣ ተዉት። መስቀል ጌጥ ሲሆን ክብሩ ይቀንሳል፤ ሰዎች የሚያዩት አንጓችሁን ነው፣ የተሰቀለውን አያዩም።

«ለምስክርነት ነው» የሚል ግን አለ። እርሱን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማተብህ የት ነው? በክርስትና ቀን አንገታችን ላይ የታሰረችው ክር ምስክር ናት፤ መርፌ አትፈልግም። ጳውሎስ «እኔ የኢየሱስን ማኅተም በሥጋዬ ተሸክሜአለሁ» ሲል (ገላ. 6፥17) በዱላና በድንጋይ የተቀበለውን የመከራ ጠባሳ ማለቱ ነበር። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ የተሠዉት ወንድሞቻችንም የታወቁት እስከ ሞት ባጸኑት እምነት ነው። ማተቧን በቢሮ ከሸሚዝ ሥር የሚደብቅ ሰው በማትጠፋ ቀለም ልመስክር ሲል፣ መጀመሪያ ሸሚዙን ይክፈት።

ይህን ሁሉ አስባችሁ አሁንም ልባችሁ ካለ፣ ንድፍ ከመምረጣችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ። ንድፉ ከተመረጠና ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ የሚጠየቅ ምክር ለማጽደቅ እንጂ ለመታዘዝ አይሆንም። አባት «ቆይ» ካለ ቆዩ። ወላጆቻችሁም ከእናንተ አፍ ይስሙ፤ በበዓል ማዕድ ላይ እጅጌ ሲሰበሰብ አይተው እንዲደነግጡ አታድርጉ።

ቀጥሎ ፈተና አለ፤ መልካሙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። 55ቱን ቀን በየጠዋቱ ከጸሎት በኋላ ንድፉን በእስክሪብቶ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው መጠን ሣሉት። ያልሣላችሁበትን ቀን ወረቀት ላይ መዝግቡ። በሦስተኛው ሳምንት ከሰለቻችሁ ወይም ሌላ ንድፍ ካማራችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ለሙከራ ብላችሁ «ጥቁር ሂና» የሚባለውን አትቀቡ፤ ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ይደባለቅበታል፣ ቆዳን አቃጥሎ ለዕድሜ ልክ አለርጂ የሚዳርግ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ንድፉ። የእመቤታችንን ወይም የቅዱሳንን ሥዕል ገላ ላይ ማድረግን አንመክርም፤ ሥዕለ አድኅኖ በንጹሕ ቦታ ተሰቅሎ የሚሰገድለት ነው፣ ገላ ግን ወደ መጸዳጃም ወደ መኝታም አብሮ ይሄዳል። የጌታ ስምና መስቀልም ከወገብ በታች አይሁን።

ፊደል ለሚመርጡ ደግሞ በጣም የምናሳስበው ነገር አለ። ቀለም ቆዳ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት እየዋጡት፣ እነርሱ ሲሞቱ ሌሎች እየተረከቡት፣ መስመሩ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይወፍራል። የላቲን ፊደል ይህን ይችለው ይሆናል፤ የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለየው በቅንጣት ምልክት ነው። «ሊ» እና «ሌ»ን አስተያዩአቸው። ልዩነታቸው እግሯ ላይ ያለችው ነገር ጭረት ወይም ቀለበት መሆኗ ብቻ ነው። ቀለበቷ ከሰሊጥ ካነሰች በጥቂት ዓመት ውስጥ ውስጧ ይደፈናል፤ «ሃሌ ሉያ» ተብሎ የተጻፈው «ሃሊ ሉያ» ይሆናል። «ቤ» እና «ቢ»ም እንዲሁ። ስለዚህ የአንዱ ፊደል ቁመት ከ1 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ በፊደልና በፊደል መካከልም ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ክፍት ይተው። ቃሉ በዚህ ልክ ቦታው ላይ ካልበቃ ቃሉን አሳጥሩ እንጂ ፊደሉን አታሳንሱ። ሙሉ የመዝሙር ጥቅስ በአንጓ ላይ አይሆንም።

የግእዙም ፊደል በትክክል ይጻፍ። በአማርኛ ብዙ ጊዜ የምናልፋቸው ልዩነቶች በግእዝ ትርጉም ይለውጣሉ። «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ነው፤ «ሰረቀ» ግን ሌባ ሆነ ማለት ነው። «መሐረነ» ማረን ሲሆን «መሀረነ» አስተማረን ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን ከስልክ ላይ ገልብጣችሁ አትውሰዱ፤ ግእዝ ለሚያውቅ ካህን ወይም የአብነት ተማሪ በእጅ አስጽፉ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ያንብበው። በውጭ አገር ፊደላችንን የማያነብ ነቃሽ ዘንድ የምትሄዱ በተለይ ተጠንቀቁ። ኮምፒውተሩ ላይ የእኛ ፊደል ከሌለ ቃሉ ወደ ባዶ ሣጥኖች ይለወጣል፣ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ፊደል ይተካበታል። ጽሑፉን በምስል መልክ ውሰዱ። ንድፉ ቆዳችሁ ላይ ሲታተም መርፌው ከመጀመሩ በፊት በቀጥታ ዓይን አንብቡት፤ መስታወት ፊደልን ስለሚገለብጥ አይታመንም። ጠማማ ከሆነ በአልኮል ተጠርጎ እንደገና ይታተማል፤ ሦስት ጊዜ ቢሆንም አትፈሩ።

የመስቀሉም ነገር ያው ነው። የላሊበላና የጎንደር መስቀሎቻችን ጥልፋቸው እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው፤ ያን ሁሉ ሐረግ በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያስገባ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይቀራል። ለትንሽ ቦታ በአንድ መስመር የሚሠራ ቀላል መስቀል ምረጡ፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች ካሉ በመካከላቸው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይኑር።

ቀለሙ መቀመጥ ያለበት ከላይኛው ቆዳ ሥር፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ባለው ጥልቀት ነው። ከዚያ ከቀለለ ቆዳው በሳምንታት ሲታደስ አብሮ ይረግፋል፤ ከጠለቀ ደግሞ ወደ ስቡ ገብቶ በመስመሩ ዙሪያ እንደ ሰማያዊ ጥላ ይሰራጫል። የአንጓ ውስጠኛ ቆዳ ስስ ስለሆነ ይህ ጥፋት በቶሎ ይደርስበታል። ነቃሹን ስትመርጡ አዲስ የተሠራ ፎቶ አይብቃችሁ፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የተነሣ፣ በእንደ እናንተ ዓይነት ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ላይ ያለ ሥራ አሳየኝ በሉ። ፈዘዝ ያለ ግራጫ በነጭ ቆዳ ላይ ቢያምርም በእኛ ቆዳ ላይ አይታይም፤ ጥቁር ቀለም ይሻላል። ቦታውም የአንጓው መታጠፊያ ላይ አይሁን፤ ወደ ክንድ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። የጣት ጎንና መዳፍ ቀለም አይዙም።

ጠባሳን በተመለከተ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ እብጠት፣ በብዛት ያገኛቸዋል። ጆሮ ስትበሱ የቀረ እብጠት አለ? ክንዳችሁ ላይ ያለው የክትባት ጠባሳ ጎልቶ ወጥቷል? እናታችሁ ወይም እኅታችሁ እንዲህ ያለ እብጠት አለባት? መልሱ «አዎ» ከሆነ አትነቀሱ፤ በተለይ ደረት ላይና ትከሻ ላይ። «ካልወደድኩት በሌዘር አስጠፋዋለሁ» የሚለውም ቀላል አይደለም። ለጥቁር ቆዳ የሚሻለው 1064 ናኖ ሜትር የሚባለው ጨረር ነው፤ ሌሎቹ የቆዳውን የራሱን ቀለም ጭምር ነጥቀው ነጭ ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። በየ6 ወይም 8 ሳምንቱ ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፣ ፈጽሞ ላይጠፋም ይችላል። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ጌታ ያስተማረው (ሉቃ. 14፥28) እዚህም ይሠራል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ያሰበች እህትም እጇ ላይ የሚታይ መስቀል በቀጣሪ ቤት ጥያቄ እንደሚያስነሣ አስቀድማ ታስብ።

ከሁሉ የሚከፋው ደም የሚያስተላልፈው በሽታ ነው። በእሾህና በጥላሸት፣ ያንኑ መርፌ ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞሩ መነቀስ ሄፓታይተስንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል፤ ማፍላትና በአልኮል መጥረግ አስተማማኝ አይደለም። መርፌው የታሸገ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ በፊታችሁ የሚከፈት ይሁን። ቀለሙ ከጠርሙሱ ወደ ትንሽ ኩባያ ይቀዳ፤ የተረፈው ይደፋ። ቀለሙን ለማቅጠን የቧንቧ ውኃ የሚጨምር ካያችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ውስጥ አስቀድሞ በተበጠበጠ ግራጫ ቀለም የተነቀሱ 19 ሰዎች ቆዳቸው በባክቴሪያ እንደ ተበከለ በ2012 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። ጥፋቱ የነበረው ቀለሙ ውስጥ ነው፤ ነቃሹ ጓንት ማድረጉ አላዳናቸውም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰዳችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ጀምሩ፤ ሦስቱ መርፌ 6 ወር ይፈጃል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ 18 ዓመት ያልሞላው ይቅር።

ቀኑን ስትመርጡ በዓለ ሃምሳ ይመቻል፤ ጾም ስለሌለ በልታችሁ ትሄዳላችሁ። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ጾመው መርፌ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ራሳቸውን ይስታሉ። በቆረባችሁበት ቀን ግን ፈጽሞ አይሁን። ከቁርባን በኋላ ደም እንዳይፈስ የምንጠነቀቅ ሰዎች ሆነን ወደ መርፌ አንሄድም፤ ቁስሉ ሳይደርቅም ለመቁረብ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ከተነቀሱ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና፣ በታጠበ እጅ፣ እጠቡት። በፎጣ አትሹት፤ በንጹሕ ወረቀት ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁት፣ ሽታ የሌለው ቅባት በስሱ ቀቡት። ቅቤ፣ ማር፣ ወፍራም ቫዝሊን አይደረግበት። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እስከ ሁለት ሳምንት ይላጣል፤ ቅርፊቱን በጥፍር ያነሣ ሰው ቀለሙንም አብሮ ያነሣል።

ይህን ደግሞ ሌላ ስለማይነግራችሁ አጥብቀን እንላለን፦ ለሦስት ሳምንት ያንን ቦታ ጠበል ውስጥ አትንከሩ። ጠበሉን ጠጡ፤ ተጠመቁ ብትባሉም እጃችሁን በላስቲክ ሸፍናችሁ ከውኃው አርቁ። ብዙ ሕሙማን በሚጠመቁበት ቦታ ክፍት ቁስል ይዞ መግባት ለራስም ለሌላውም አይገባም፤ ለጠበሉም ይህ ክብር እንጂ ጥርጣሬ አይደለም። እምነቱንም፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የተባረከ አመድ፣ ግንባራችሁ ላይ ተቀቡ፤ አመድ ያልዳነ ቁስል ውስጥ ከገባ ያመረቅዛል። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታትም አትነቀሱ፤ የባሕረ ጥምቀቱ ውኃ ሲረጭ ማምለጫ የለም።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ቅላቱ ወይም ጥቁረቱ ከመስመሩ ውጭ እየሰፋ ከሄደ፣ ቦታው ከጋለ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መስመሩን ተከትለው የሚወጡ ትናንሽ እብጠቶችም በሮቸስተር እንደታየው ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነርሱ በተለመደው መድኃኒት አይድኑም፣ ከቆዳው ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፣ ሕክምናውም ወራት ይወስዳል። ለሐኪሙ መነቀሳችሁን፣ ቀኑንና የቀለሙን ዓይነት ሳትደብቁ ንገሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።