«ቴክ 12» ስለተባለ ልጁ አይችልም ማለት ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ዳር ካሜራ ከተተከለ ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። በቀደም የአንድ ድራማ ቀረጻ ላይ ክላፐር (ከካሜራው ፊት «ጧ» ተደርጋ የምትዘጋዋ ሰሌዳ) ያዥ ሆኜ ዋልኩ። ከኋላዬ የቆመው ሰው ግን ስለ ሥራው ያላወራው ነገር የለም።

«ያቺ ሰሌዳ ለማማር ናት» አለ አንዱ። አይደለችም! ብዙ ጊዜ ምስሉን ካሜራ፣ ድምፁን ሌላ መቅጃ ነው የሚይዘው፤ ኤዲተሩ ሁለቱን ማጋጠም አለበት። ሰሌዳዋ ስትዘጋ ይታያል፣ «ጧ» ስትል ይሰማል፤ እነዚህን አንድ ላይ ካደረጋቸው የቀረው ንግግር ሁሉ ከከንፈር ጋር ይገጥማል። በሰከንድ 25 ምስል ሲቀረጽ የሦስት ምስል መዛነፍ እንኳ ያስታውቃል። የተጻፈባት ቁጥርም ለኤዲተሩ ነው። እኔ አንዴ ቁጥሩን መቀየር ረሳሁ፤ ማታ የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

«ቴክ 12 ደረሰ፣ ልጁ አይችልም» የምትለዋ ናት የምታናድደኝ። ቴክ ማለት አንድን ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸውን ቁራጭ) በቀዳን ቁጥር የሚቆጠር ነው እንጂ የስህተት ቆጠራ አይደለም። የዚያን ቀን ተዋናዩ ልጅ አንድ ቃል አልሳተም። ግን በቴክ 3 ወደ ዘጌ የሚሄድ ሞተር ጀልባ ንግግሩን ዋጠበት፣ በቴክ 5 ደመና መጣ፣ በቴክ 8 ነፋሱ ማይኩ ውስጥ ገባ፣ በቴክ 9 ደግሞ አንዱ ከጀርባ ቆሞ ለካሜራው እጁን አወዛወዘ። ልጁ ለቅሶውን አሥራ ሁለት ጊዜ ከዜሮ ጀመረ፤ እስቲ እናንተ ሞክሩት።

«ካት» (ቀረጻው ይቁም) ማለትም የተዋናይ አይደለም፣ የዳይሬክተሩ ነው። ተዋናዩ ተሳሳትኩ ብሎ ያቆመው ቦታ ኤዲቲንግ ላይ የሚፈለገው ሊሆን ይችላል።

«ፓይለት» ስንል የሰማ ሰውዬ «ጣናን ከላይ ልታነሱ ነው?» አለኝ። ፓይለት ተከታታዩ ይቀጥል አይቀጥል እንዲወሰን ለሙከራ የሚሠራ ክፍል ነው። ሶፕ ኦፔራም (ረጅም ተከታታይ ድራማ) ዘፈን የለበትም፤ ሳሙናው ግን እውነት ነው፣ በ1930ዎቹ የአሜሪካን የሬዲዮ ድራማዎች ስፖንሰር ያደርጉ የነበሩት የሳሙና አምራቾች ናቸው።

ታሪኩ ከመጀመሪያው ተነስቶ የሚቀረጽ የሚመስለውም ብዙ ነው። የደንገል ታንኳዋን የተከራየነው ለአንድ ቀን ስለሆነ ባለታሪኮቹ ጠዋት ተለያዩ፣ ከሰዓት ተዋወቁ። ኮንቲኒዩቲ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ነጠላው የትኛው ትከሻ ላይ እንደነበር፣ ሲኒው ውስጥ ምን ያህል ቡና እንደቀረ የሚመዘግብ ሰው አለ።

ማምሻውን ድምፅ ቀጂው «ሠላሳ ሰከንድ ፀጥታ!» ሲል ሰዉ ያለቀ መስሎት ሊበተን ተነሳ። አላለቀም። ሩም ቶን ነው የሚቀዳው፣ የቦታው የራሱ ድምፅ፤ ኤዲተሩ ንግግር ሲቆርጥ ክፍተቱን የሚሞላው በሱ ነው። ሁላችንም ደርቀን ቆምን። የሚሰማው ማዕበሉ ብቻ ነበር። አንድ ዓሣ የሚሸጥ ልጅ እጅጌዬን ሳብ አድርጎ «ጋሼ፣ ምኑን ነው የምትቀዱት?» አለኝ።

ቴክ 2።