«ቦልድ ኢታሊክ አርጋት» ለምትሉኝ ደንበኞቼ በሙሉ

ደብረ ማርቆስ ላይ ባነር፣ ካርድ፣ ምናምን ስሰራ ዘጠኝ አመት ሆነኝ። በቀን ሶስቴ የምሰማት ነገር አለች፦ «ወንድሜ ቦልድ አርጋት፣ ትንሽ ደግሞ ዘንበል አርጋት፣ ታልደመቀችማ ማን ያያታል»። ቦልድ ወፍራሙ ፊደል ነው፣ ዘንበል የሚሉት ደግሞ ኢታሊክን ነው። ኧረ ሰለቸኝ፣ የምትሉኝን አንድ በአንድ እያነሳሁ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

«ኢታሊክ ማለት የተጋደመ ፊደል ነው»። አይደለም። በፈረንጆቹ 1501 ቬኒስ ላይ የአልዱስ ማኑቲየስ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ያተመበት፣ ፍራንቼስኮ ግሪፎ የቀረጸው፣ የእጅ ጽሑፍን መልክ የያዘ ራሱን የቻለ ፊደል ነው። የላቲኗን ትንሿን ኤ እዩዋት፣ ቀጥ ስትል ብዙ ጊዜ አናቷ ላይ ቆብ አላት፣ ኢታሊክ ስትሆን ቆቡን አውልቃ ክብ ትሆናለች። ቦልድ ኢታሊክም በደንብ በተሰራ ፎንት (የፊደል ዓይነት) ላይ ለብቻው ነው የሚሳለው።

«ገጹ በሙሉ ቦልድ ኢታሊክ ሲሆን ይጎላል»። ከምን ተለይቶ?

«ለአማርኛም ያው ነው፣ ሁለቱን በተን መጫን ነው»። እቺ ናት የገደለችኝ። የአማርኛ ፎንቶቹን ኒያላ በሉት አቢሲኒካ፣ ያላቸው አንድ ውፍረት ነው፣ ቦልድም ኢታሊክም የላቸውም። ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት የምር ቦልድ አለው፣ ኢታሊክ ግን እሱም የለውም። እናንተ የቦልዷን B ስትጫኑ ኮምፒውተሩ የፊደሉን ጠርዝ ዝም ብሎ ያወፍረዋል፣ የኢታሊኳን I ስትጫኑ ደግሞ ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ በቃ ይሄው ነው።

አንዲት እህት ለሴቶች ፀጉር ቤቷ ባነር ልታሰራ መጣች፣ አይሆንም ብላት እሺ አላለችም፣ ብሩ የሷ ነው ብዬ ሰራሁት። ሴ እና ሲ፣ ቤ እና ቢ የሚለዩት እግራቸው ላይ ነው አይደል፣ ሴ ቀለበት አላት፣ ሲ ጭረት ብቻ። ሲወፍር ቀለበቷ ተደፈነች፣ ሲጋደም ደግሞ ጭራሽ ጭረት መሰለች፣ ባነሩ ተሰቅሎ ከመንገድ ማዶ ሲያዩት «የሲቶች ፀጉር ቢት» ሆኖ አረፈው። የሰፈሩ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ «ሲቶች» ሲሏት ከረሙ፣ እኔም በነጻ ደገምኩት። ከሰርኩ።

ደግሞ የኛ ጸሐፊዎች ማጉላት አጥተው አያውቁም እኮ። ዲማ ጊዮርጊስም ይሁን መርጡለ ማርያም የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቃል፣ የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ነው የሚጻፈው፣ የምዕራፍ መጀመሪያም እንደዛው። ጽሕፈቱ ስሙ ራሱ ቁም ጽሕፈት ነው፣ ቁም! እናንተ ታጋድሙታላችሁ። ስለዚህ ለአማርኛ ቀለም ቀይሩ፣ መጠን ጨምሩ፣ የምር ቦልድ ያለው ፎንት ምረጡ፣ ዙሪያውን ባዶ ቦታ ተዉለት፣ ስልክ ቁጥሩን ጥግ ላይ አትጠቅጥቁት።

«እንግዲያ ቦልድ ኢታሊክ ጥቅም የለውም»። ኧረ አለው፣ ለላቲን ፊደል፣ ለሁለት ሶስት ቃል። ወደፊት የሚሮጥ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ የኳስ ቡድን ማሊያ ላይ፣ የሩጫ ቲሸርት ላይ፣ የቅናሽ ማስታወቂያ ላይ ያምርበታል። ለሀዘን ካርድ ግን በጭራሽ። ግዴታ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፦ የጤፍ ሳይንሳዊ ስም፣ ኤራግሮስቲስ ቴፍ፣ በላቲን ሲጻፍ ኢታሊክ ነው፣ ርዕሱ ቦልድ ከሆነ ደግሞ እሷ ቦልድ ኢታሊክ ትሆናለች። አንድ የግብርና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሽፋን ለዚች ብቻ ሶስቴ መልሶ አሳትሞኛል፣ በሶስተኛው ርዕሱን በሙሉ አጋድሞት መጣ።