ኔጋቲቭ ኮሪሌሽን ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

"በሳይንስ ተረጋግጧል፤ ሃይማኖተኛ ሰው ደደብ ነው።" ይህን አባባል፣ ከጎኑ "ኔጋቲቭ ኮሪሌሽን" የሚል ቃል ተለጥፎበት፣ ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ሥራዬ የሥነ ልቦና ፈተናዎችን ውጤት መተንተን ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘኑ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 63፣ በ2020 የወጣው 83 ጥናቶችን ይዟል። ሁለቱም የማሰብ ችሎታ ፈተና ውጤትና ሃይማኖተኝነት በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ አግኝተዋል። ኔጋቲቭ ኮሪሌሽን (አሉታዊ ተዛምዶ) ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ የማለት ዝንባሌ። በሁለተኛው ሥራ መጠኑ ከ−0.20 እስከ −0.23 ነው (0 ማለት ምንም ተዛምዶ የለም፣ −1 ማለት ፍጹም ተቃራኒ)። ጠቤ ከዚህ ቁጥር ጋር አይደለም፣ ሰዎች ከሚሰጡት ትርጉም ጋር ነው።

እስቲ ትንሽ የተጣመመ ሳንቲም አስቡ። ዘውድና ጎፈር እኩል አይወጡበትም። −0.20 ስንት ያህል መጣመም ነው? ሁለቱም መለኪያዎች የተለመደውን የደወል ቅርጽ ከያዙ፣ በሃይማኖተኝነት ከአማካይ በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች 44 ያህሉ በፈተናውም ከአማካይ በላይ ናቸው፣ 56ቱ በታች። ብዙም ሃይማኖተኛ ባልሆኑት ዘንድ ይገለበጣል፤ 56 በላይ፣ 44 በታች። በቃ ይኸው ነው። ልዩነት አለ፣ ግን አንድ ሰው እንደሚጸልይ ስለሰማችሁ ብቻ ስለ አእምሮው መፍረድ ይህን ሳንቲም አንዴ ወርውሮ ንብረትን እንደ ማስያዝ ነው። በሌላ መንገድም ማየት ይቻላል። 0.20 በራሱ ሲባዛ 0.04 ነው። ሰዎች በፈተናው ከሚለያዩበት ልዩነት 4 በመቶው ከሃይማኖተኝነት ጋር አብሮ ይሄዳል፣ 96 በመቶው አይሄድም።

አንድ አስተያየት ሰጪ "ግን እኮ ውጤቱ ጉልህ ነው ተብሏል" አለኝ። በስታቲስቲክስ ጉልህ ማለት በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም ማለት እንጂ ትልቅ ማለት አይደለም! ሳንቲሙን 10 ሺህ ጊዜ ብትወረውሩት መጣመሙን እርግጠኛ ትሆናላችሁ። 10 ሺህ ጊዜ መወርወራችሁ ግን ሳንቲሙን የባሰ አያጣምመውም።

ለምን እንደተጣመመም ቁጥሩ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰዎች በትንታኔ እንዲያስቡ ሲገፋፉ እምነታቸው ይቀንሳል ያለ ሙከራ ብዙ ተወራለት። በ2017 ከሙከራዎቹ አንዱ በብዙ ተሳታፊዎች ሲደገም ያ ውጤት አልተገኘም። የመጀመሪያውን ያሰራጩት ሰዎች ሁለተኛውን ሲያሰራጩ ግን አላየሁም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሳንቲሙ የተሠራበት ቦታም አለ። አብዛኞቹ ጥናቶች የተካሄዱት በምዕራቡ ዓለም፣ በተለይ በአሜሪካ ነው። ሌላ ቦታ የተሠራው በዚያው መጠን ይጣመማል ብሎ ለመናገር እዚያው ሄዶ መወርወር ያስፈልጋል። ደግሞም ሃይማኖተኝነት ሲባል ምኑ ተለክቶ ነው? ማመን ሲለካ ተዛምዶው ጠንከር ይላል፣ የአምልኮ ቦታ መሄድን በመሰለ ተግባር ሲለካ ይላላል። ልጆች ላይም ደከም ያለ ነው። በሌላ በኩል፣ ሳልጠየቅ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ ፈተናም ሆነ መጠይቅ ሁልጊዜ የመለካት ስህተት አለበት፣ ያ ስህተት ደግሞ ተዛምዶን ከእውነተኛው ያሳንሳል። ስለዚህ እውነተኛው መጠን ከተለካው በመጠኑ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ የተቃዋሚዬን ወገን ቢጠቅምም ልደብቀው አልፈልግም።

በአማኞች በኩል ያለው መልስም አያረካኝም። "ለሜትርስ?" ይላሉ። ልክ ነው፣ ዦርዥ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ጽንፈ ዓለሙ መስፋፋት የጻፈ የካቶሊክ ካህን ነበር። ግን እሱ ከ44ቱ አንዱ ነው። −0.20 ራሱ እንዲህ ያሉ ብዙ ሰዎች እንደሚኖሩ ስለሚናገር ስሙን መጥራት ቁጥሩን አያፈርሰውም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ 0.60ን ይዞ የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት 137 አገሮች ሲነጻጸሩ በአማካይ አይኪው (የማሰብ ችሎታ ፈተና ውጤት) እና እግዚአብሔርን በማያምኑ ሰዎች ድርሻ መካከል 0.60 ተዛምዶ ተገኝቷል። ያ በሳንቲሞች (በሰዎች) መካከል ሳይሆን ሳንቲሞቹን በያዙ ከረጢቶች (በአገሮች) መካከል ያለ ንጽጽር ነው። አገሮች በትምህርት ቤት፣ በልጆች አመጋገብ፣ በጤናና በገቢ ይለያያሉ፤ እነዚህ የፈተና ውጤትን ይነካሉ፣ ከሃይማኖተኝነትም ጋር ይያያዛሉ። ሰው ከሰው ሲነጻጸር ያለን ቁጥር ያው 0.20 አካባቢ ነው።