ሲታጠፍ ‹‹ቀጭ ቀጭ›› የሚል መኪና፦ ሴሚያስ፣ ሲቪ ጆይንትና ክሮቼራ በጎጃም መንገድ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ በደጀን በኩል የወጣ ሰው የሴሚያስን ነገር ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። አቀበቱ ረጅም ነው፤ ከወንዙ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ሲሉ ሌላው ይቀጥላል። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ መሪው ግራ ቀኝ እየዞረ፣ ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል። ያ ሁሉ ጉልበት ጎማው ጋ የሚደርሰው በአንድ የብረት ዘንግና ጫፎቹ ላይ ባሉ መገጣጠሚያዎች ነው። አሮጌ መኪና እዚህ ላይ ነው የሚጋለጠው።

ዘንጉን መካኒኮቻችን ሴሚያስ ይሉታል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ‹‹ግማሽ ዘንግ›› ማለት ነው። ጋራዥ ውስጥ ጣሊያን ገና አልወጣም። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት)፣ ቡሎን፣ ዳዶ (የቡሎን ማጥበቂያ)፣ ክሪክ (መኪና ማንሻ)፣ ባሌስትራ ሁሉም የእሱ ናቸው። የሴሚያሱ ጫፍ መገጣጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንት፣ ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ቀርቷል።

የመኪናው ዓይነት መጀመሪያ ይለያል። ቪትዝ፣ ያሪስና እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ኮሮላዎች በፊት ጎማ ይነዳሉ። ከካምቢዮው ግራና ቀኝ ሁለት ሴሚያሶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ከውስጥም ከውጭም መገጣጠሚያ አለው። ላዳ፣ የድሮው ዲኤክስ ኮሮላ፣ የሕዝብ ማመላለሻው ሃይኤስና አይሱዙ ደግሞ በኋላ ጎማ ነው የሚነዱት። እነሱ ከሆዳቸው ሥር ረጅም ዘንግ አላቸው፤ የእሱ መገጣጠሚያ መስቀል ቅርጽ ያለው ክሮቼራ ነው።

የውጩ ሲቪ ጆይንት ብልሃት የሚደነቅ ነው። ጎማው ሲታጠፍም ዘንጉ ያለ መንገጫገጭ መዞሩን መቀጠል አለበት። ለዚህ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስድስት የብረት ኳሶችን በጎድጓዳ መንገድ ላይ የሚያሽከረክር መገጣጠሚያ ሠራ። ዛሬም አብዛኛው የፊት ጎማ መኪና የሚሄደው በዚሁ ሐሳብ ነው። ኳሶቹ የሚኖሩት በግራሶ ውስጥ ነው። ግራሶውን የሚይዘው ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን ነው፤ ጎሚኒ የሚሉት።

እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚች ጎሚኒ ላይ ነው። ብረቱ ብቻውን ቶሎ አያልቅም። ጎሚኒው በእርጅና ይሰነጠቃል፣ ወይ የኮረት ድንጋይ ይቀደዋል። ግራሶው በመሽከርከር ኃይል ተፈናጥሮ ይወጣል። በቦታው ጭቃና አሸዋ ይገባል። የክረምቱን የቢቸናና የሞጣ ጥቁር ጭቃ ያየ ሰው የሚቀጥለውን ያውቀዋል። ጭቃው ከተረፈው ግራሶ ጋር ተቦክቶ ሞረድ ይሆናል፤ ኳሶቹንም መንገዳቸውንም ይበላል።

ምልክቱን መለየት ከባድ አይደለም። ሰፊ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ነዳጅ እየሰጡ ቀስ ብሎ መዞር ነው። ‹‹ቀጭ ቀጭ ቀጭ›› ካለና ፍጥነት ሲጨምር ከተፋጠነ የውጩ ሲቪ ጆይንት አልቋል። ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ የቀኙ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለምና ሁለቱንም ጎንበስ ብሎ ማየት ይሻላል። የውስጠኛው ሲያልቅ ጠባዩ ሌላ ነው። አቀበት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ መኪናው ይንዘፈዘፋል፤ እግር ሲነሳ ይተዋል። የጎማ ባላንስ ቢሆን ኖሮ እግር ተነሣ አልተነሣ ግድ አይሰጠውም ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታ አይንቋቋም፤ ያጓራል። ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም ይጨምራል፣ ማርሽ ባዶ ላይ ቢደረግም አይጠፋም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን ባለመለየቴ ደህናውን ሴሚያስ አስፈትቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሌላ ሽማግሌ መካኒክ መኪናዋን ክሪክ ላይ ሰቀለ፣ ጎማውን በእጁ አሽከረከረ፣ የሾክ አብዞርበሩን ጥምዝምዝ ሽቦ በሌላ እጁ ያዘ። ‹‹ና ንካ›› አለኝ። ሽቦው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀው ኩሽኔታው ነበር። ‹‹ሴሚያሱ ምን አደረገህ?›› ብሎ ሳቀብኝ።

ለማየት ቀላሉ ማስረጃ ቸርኬው ከውስጥ በኩል ነው። ጥቁር ግራሶ ተረጭቶ በመስመር ከደረቀ ጎሚኒው ተቀዷል። ድምፅ ገና ካልጀመረ ዕድል አለ፤ መገጣጠሚያው ተፈቶ በቤንዚን ይታጠባል፣ አዲስ ግራሶና አዲስ ጎሚኒ ይገባለታል። ድምፅ ከጀመረ ግን ግራሶ መጨመር ሐኪሙን ማዘግየት ነው። ግራሶውም ማንኛውም ግራሶ አይደለም፤ ለሲቪ ጆይንት የሚሆነው ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁሩ ነው።

መቀየሩ ጉልበት ይጠይቃል። የጎማው መሐል ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ጎማው መሬት እንደነካ፣ ፍሬን ተይዞ ነው የሚላላው። የኋላ ጎማ በታኮ ይደገፋል። መኪናው ሲነሳ ክሪክ ብቻ አይታመንም፤ የብረት መቆሚያው ካቫሌቶ ሥሩ ይገባል። የካምቢዮው ዘይት ይወርዳል። የታችኛው ቦል ጆይንት (ኳስ ያለው መገጣጠሚያ) ይለቀቃል፣ ሴሚያሱም ጎማው ከሚታሰርበት ሞዞ ወደ ውስጥ ይገፋል። እዚህ ላይ መዶሻ የሚወዱ አሉ። ጫፉ ላይ ዳዶ ሳይመልሱ የቀጠቀጡት እንደሆነ ጥርሱ ተበላሸ ማለት ነው። የውስጡ ጫፍ በብረት ተፈንቅሎ ይወጣል። ዘይት ማገጃው ፓራኦሊዮ እግረ መንገድ ይቀየራል፤ ዋጋው ጥቂት ነው፣ በኋላ ዘይት ቢያፈስ ግን ሥራው ከሀ ይጀመራል። ሴሚያሱን በአንድ ጫፍ አንጠልጥሎ መተው አይገባም፤ የውስጡ መገጣጠሚያ ይወላለቃል።

ሲገጠም ዳዶው የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ መፍቻ ይጠብቃል። እንደ ኮሮላ ባሉ መኪኖች 200 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ‹‹በእጄ አውቀዋለሁ›› የሚል ጥሩ መካኒክ አይቻለሁ። የላላ ዳዶ ኩሽኔታ እንደሚበላም አይቻለሁ።

ዕቃው ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ በሚኒባስ ተልኮ ይመጣል። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት የሴሚያሱን ጫፍ ጥርሶች መቁጠር ያስፈልጋል። ኤቢኤስ (ሲፈረን ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለው ከሆነ ሴሚያሱ ላይ ያለው የቀለበቱም ጥርስ ይቆጠራል። ሞዴሉን ብቻ ነግሮ የላከ ሰው ፍኖተ ሰላም ላይ ሦስት ቀን ሊቆም ይችላል። አዲስ ርካሽ ኮፒ ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል? ክርክሩ አያልቅም። እኔ ጎሚኒው ያልተቀደደ፣ ሲወዛወዝ ክፍተት የሌለው ኦሪጅናል ካገኘሁ እሱን እመርጣለሁ።

ክሮቼራ ያላቸው መኪኖች ቋንቋ ይለያል። ማርሽ ሲገባ ‹‹ዷ›› ይላሉ፤ ፍጥነት ሲይዙ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የክሮቼራው ጫፎች ዙሪያ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ከታየ ውስጡ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ደርቀዋል። የግራሶ ማስገቢያ ካለው በየጊዜው ማጠጣት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት ሁለቱ ወገኖች በጠመኔ ወይም በመሮ ምልክት ይደረግባቸዋል። ያለ ምልክት ፈትቶ እንደመጣለት የገጠመ ሰው አዲስ ክሮቼራ ገዝቶም የቀድሞውን ንቅጥቅጥ ይዞ ቡሬ ይገባል።