«ምን እናድርግ?» ስብከት ሰምተን ከጉባኤ ስንወጣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጉባኤው አልቆ፣ ምርቃቱ ተሰጥቶ፣ ሰዉ ወደ በሩ ሲጎርፍ ያለችውን ሰዓት አስቧት። ጫማውን የሚፈልግ አለ፤ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን የሚጠርግ አለ፤ «የዛሬው ለእኔ ነው የተሰበከው» የሚል አለ። ታክሲ ተራ እስኪደረስ ልብ ገና ትኩስ ነው። ማታ በገበታ ዙሪያ «ምን ተማራችሁ?» ስንባል ግን «በጣም ደስ የሚል ትምህርት ነበር» ከማለት በቀር ብዙዎቻችን የያዝነው ነገር የለም። ሐሙስ ሲደርስ ጥቅሱ ከየት እንደተነበበ እንኳ ጠፍቶናል።

ጥፋቱን ሁሉ በማስታወስ ችሎታችን ላይ አንጣለው። ልብ መነካት አንድ ነገር ነው፤ ልብ ቆርጦ መነሣት ሌላ ነገር ነው። በመካከላቸው ያለችው ድልድይ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ናት።

በበዓለ ኀምሳ ቅዱስ ጴጥሮስ የሰበከላቸው ሰዎች ልባቸው ተነካ ይላል መጽሐፍ (ሐዋ. 2፥37)። ቅዱስ ሉቃስ እዚያ ላይ አልቆመም፤ ሰዎቹ ወዲያው የጠየቁትን ጻፈልን፦ «ወንድሞች ሆይ፥ ምን እናድርግ?» ሐዋርያውም የሚደረገውን ነገራቸው፤ ንስሐ ግቡ፣ ተጠመቁ። በዚያ ቀን 3,000 ያህል ነፍስ ተጨመረ። ስለ ሦስቱ ሺህ ስናወራ ቁጥር 42ን እንዘልለዋለን። እነዚያ ሰዎች በሐዋርያት ትምህርት፣ በኅብረት፣ እንጀራውን በመቍረስና በጸሎት ይተጉ ነበር። የአንድ ቀን ስብከት የዕለት ተዕለት ኑሮ የሆነው በእነዚህ አራት ነገሮች ነው።

መጥምቁ ዮሐንስንም በዮርዳኖስ ዙሪያ ያሉ ሰዎች ይህንኑ ጠይቀውታል (ሉቃ. 3፥10-14)። መልሱን ልብ በሉ። ለሕዝቡ፣ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አለ። ለቀራጮቹ፣ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አለ። ለጭፍሮቹ ደግሞ በማንም ላይ ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ አለ። ስብከቱ አንድ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የተሰጠው ሥራ ግን በሥራው ቦታና በድካሙ ልክ ተለየ። ለቀራጩ ፈተናው ያለው በሚሰበስበው ሒሳብ ላይ ስለሆነ መድኃኒቱም እዚያው ተቀመጠለት።

የተነካ ነገር ግን ያልጠየቀም ሰው አለ፤ ገዢው ፊልክስ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛት፣ ስለሚመጣውም ፍርድ ሲነግረው ፈራ (ሐዋ. 24፥25)። መፍራቱ ትልቅ ነገር ነበር። ያለው ግን «በተመቸኝ ጊዜ አስጠራሃለሁ» ነው። የሚያሳዝነው፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ እያስጠራ ያነጋግረው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጳውሎስ አፍ ቃሉን ሰማ። ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበርና ከአንድም ነገር አልተላቀቀም፤ ጳውሎስንም ታስሮ ተወው። ደጋግሞ መስማት ብቻውን ሰውን እንደማይለውጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም። ዛሬ በስልካችን፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም፣ በሳምንት አምስት ስብከት እየሰማን አንዱንም ሳንሠራ ወደ ስድስተኛው ስንሻገር የምንቀመጠው በፊልክስ ወንበር ላይ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በዘመኑ ሰዎቹ ቃሉን ደስ እንደሚያሰኝ ዜማ እየሰሙ እንደማያደርጉት ተነግሮታል (ሕዝ. 33፥32)።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊያሳስበን ይገባል። በዘሪው ምሳሌ «ወዲያው በደስታ» የተቀበለው መልካሙ መሬት አይደለም፤ ጭንጫው ነው (ማቴ. 13፥20)። ጌታ ምክንያቱን ተናግሯል፤ ጥልቅ መሬት ስላልነበረው ወዲያው በቀለ። ሥር የሚሰድበት ስላጣ ኃይሉ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ፤ ፀሐይ ሲወጣ ጠወለገ። ስለዚህ በጉባኤ ላይ ማልቀሳችንና መሞቃችን ስጦታ ቢሆንም፣ ፍሬ ነው ብለን አንቁጠረው።

ታዲያ ፈጥኖ መነሣት ሁሉ ከንቱ ነው? አይደለም። አባ እንጦንስን እንይ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 22 ቀን የምታስበውን የመነኮሳት አባት። ሕይወቱን የጻፈልን የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ወላጆቹ ሲያርፉ ዕድሜው 18 ወይም 20 ነበር፤ ታናሽ እህቱም በእጁ ቀረች። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ቀን እንደ ልማዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንዴት እንደተከተሉ በመንገድ እያሰበ ነበር። ሲገባ ወንጌል ይነበባል፦ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ፥ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» (ማቴ. 19፥21)። ቃሉ ስለ እርሱ የተነበበ ያህል ቆጠረው። ወጥቶ የአባቱን ርስት፣ በግብፃውያን መለኪያ 300 አሩራ፣ በእኛ ስሌት ከ80 ሄክታር የሚበልጥ ለም መሬት፣ ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። የቀረውን ዕቃ ሸጦ ለድሆች አከፋፈለ፤ ለእህቱ ጥቂት አስቀረ። በሌላ ቀን «ለነገ አትጨነቁ» ሲነበብ ሰምቶ ያችንም ሰጠ፤ እህቱን ግን ለታመኑ ደናግል አደራ ብሎ እንጂ ሜዳ ላይ ጥሏት አልሄደም።

መሬቱ አስቀድሞ ታርሶ ነበር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ልቡን እያሰናዳ ነው። ያደረገውም የሚቆጠር፣ የሚታይ ነገር ነው፤ መሬት፣ ዕቃ፣ ገንዘብ። «ከዛሬ ጀምሮ መንፈሳዊ ሰው እሆናለሁ» ብሎ አልተነሣም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ወጣቶቻችን አጥብቀው ቢያዩት እወዳለሁ። እንጦንስ በማግሥቱ በረሃ አልገባም። በመጀመሪያ የተጋደለው በቤቱ አጠገብ ነው። በጎረቤት መንደር ከወጣትነቱ ጀምሮ ብቻውን የሚጋደል አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እርሱን እያየ ተማረ። በእጁ እየሠራ ይበላ ነበር። ሌሎች ትጉሃን ዘንድ እየሄደ ከአንዱ ጸሎትን፣ ከሌላው ትዕግሥትን፣ ከሌላው ቁጣ አለመኖርን ቀሰመ። ወንዙን ተሻግሮ ሰው በተወው ምሽግ የዘጋው ዕድሜው 35 ገደማ ሲሆን ነው። ቃሉን ከሰማበት ቀን እስከዚያ 15 ዓመት ያህል አለ። ስለ ምንኩስና የተሰበከውን ሰምቶ በሳምንቱ ገዳም ለመግባት ሻንጣ የሚያዘጋጅ፣ እናቱን ግን ያልተሰናበተ ልጅ፣ ከእንጦንስ የወሰደው ግማሹን ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ስብከቱን በሰማችሁበት ቀን፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሰባኪው የተናገረውን ሁሉ አትጻፉ፤ ልባችሁን የነካችውን አንዷን ብቻ። ከሥሯ ጥቅሱን አስፍሩና ምዕራፉን ከመጽሐፍ ቅዱስ ሙሉውን አንብቡት። ይህን የምንለው፣ ተቀንጭቦ የሰማነው ቃል በምዕራፉ ውስጥ ከገመትነው ሌላ ነገር የሚጠይቀን ጊዜ ስላለ ነው። ከዚያ «ምን ላድርግ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ውስጥ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ከሌለ ገና መልስ አልሆነም። «ጸሎተኛ እሆናለሁ» ምኞት ነው። «ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርስ ሳልቀምስ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እጸልያለሁ» ግን ሥራ ነው። «ለጋስ እሆናለሁ» ምኞት ነው። ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሰው፣ ደመወዝ በገባበት ቀን፣ ኪራይ ሳይከፍል 800 ብሩን ለይቶ ቢያስቀምጥ ግን አስራት ነው። በወሩ መጨረሻ ከተረፈው እሰጣለሁ ያለ ሰው የሚሰጠው ያጣል፤ ክፋት ይዞት ሳይሆን ወሩ ስለበላው ነው።

ሰዓት መምረጥ የማይችሉ አሉ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን መቼ እንደምትጠራ አታውቅም። ለእርሷ በሰዓት ፈንታ ሥራን ምልክት ማድረግ ይሻላል፤ የጠዋቱን ዕቃ ማጠብ ስትጀምር አቡነ ዘበሰማያት፣ ማታ የክፍሏን በር ስትዘጋ አንድ መዝሙር። ሥራው በየቀኑ ስለማይቀር ጸሎቱንም ያስታውሳታል።

አንዱን ውሳኔ ቀረብ ብለን እንየው። ምእመኑ ስለ ጸሎት ሰምቶ «ዳዊት እደግማለሁ» አለ እንበል። መዝሙረ ዳዊት በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። በቀን ግማሽ ንጉሥ፣ ማለትም 5 መዝሙር፣ ቢይዝ 150ው በ30 ቀን ያልቃል፤ አጭሯ 151ኛዋ ከመጨረሻው ቀን ጋር ትገባለች። ስሌቱ ያማረ ነው። መዝሙሮቹ ግን እኩል አይደሉም። በ24ኛው ቀን የሚደርሱት ከ116 እስከ 120 ያሉት ናቸው። ከሁሉ የሚያጥረው ባለ 2 ቁጥር መዝሙርና ከሁሉ የሚረዝመው ባለ 176 ቁጥር በዚያው ቀን ይገናኛሉ። ሦስት ሳምንት በትጋት የመጣ ሰው እዚህ ቀን ላይ ሰዓቱ አይበቃውም፤ እኩሌታውን ትቶ ይነሣል፤ በማግሥቱ አፍሮ መጽሐፉን አይገልጥም። የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ የሆነው ግን የመጠን ስህተት ነው። ረጅሙ መዝሙር በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ስም፣ በስምንት ስምንት ቁጥር የተከፈለ ነው። እርሱን ለብቻው በሁለት ቀን፣ አሥራ አንድ አሥራ አንዱን ክፍል ቢይዝና 30 ያለው ቀን ቢረዝም ማንም አይቀየመውም። ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን ይቁጠር የተባለው (ሉቃ. 14፥28) ለዚህ ዓይነቱም ነገር ነው።

ቀን ሲያመልጣችሁ የትናንቱን ከዛሬው ጋር አትደራርቡ። 5ቱ 10 ይሆናል፤ ሌላ ቀን ካመለጠ 15 ይሆናል፤ ከዚያ ጸሎቱ ዕዳ መስሎ ይታያችሁና ትሸሹታላችሁ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ስለ እንጦንስ ከተጻፈው ሁሉ ለእኛ ለደካሞች እጅግ የሚጠቅመን ይህ ይመስለናል፦ ያለፈውን ዘመን አይቆጥርም ነበር፤ በየቀኑ ገና ዛሬ እንደሚጀምር ሰው ይነሣ ነበር። የኋላዬን እየረሳሁ በፊቴ ያለውን ለመያዝ እዘረጋለሁ የሚለውን የጳውሎስን ቃልም (ፊልጵ. 3፥13) ደጋግሞ ለራሱ ይናገር ነበር። የረሳው ኃጢአቱን ብቻ አይደለም፤ ትጋቱንም ነው። ሃያ ቀን ጸለይሁ ብሎ የሚቆጥር ሰው ሃያ አንደኛው ሲያመልጠው ሃያውም የጠፋ ይመስለዋል።

ልብ በሞቀበት ሰዓት ስእለት አትሳሉ። በጉባኤ መካከል «ይህን ካላደረግሁ» ብሎ ከእግዚአብሔር ጋር ቃል መግባት ቀላል ነው። ጠቢቡ ግን ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል (መክ. 5፥5)። ውሳኔያችሁን ለንስሐ አባታችሁ ውሰዱት። የሰማችሁትን ቃል፣ ልታደርጉት ያሰባችሁትን፣ መቼ እንደምትጀምሩ ንገሯቸው፤ መጠኑን እሳቸው ይቁረጡላችሁ። እሳቸው ሕመማችሁንም ትዳራችሁንም ያውቃሉ። ስኳር ያለበት ሰው ስለ ጾም ሰምቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ ሲል፣ የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ሌሊት ልቁም ስትል፣ የሚገታ አባት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ «ግማሹን ያዝ» ይላሉ። ታዘዙ፤ እሳቱን ሊያጠፉባችሁ ብለው አይደለም፣ ሳይፋጅ እንዲቆይ ነው። 40 ቀን ከሞላ በኋላ ተመልሳችሁ የሆነውን ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ ይጨመር ወይስ እንዲሁ ይቆይ የሚለው ያን ጊዜ ይወሰናል። እስከዚያ አዲስ ስብከት ብትሰሙም አዲስ ውሳኔ አትጨምሩ።

በመጨረሻ፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየጉባኤው የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተም ቃል አለን። ሕዝቡ «ምን እናድርግ?» ብሎ አፍ አውጥቶ ባይጠይቅም ጥያቄው በልቡ አለ። የአንድ ሰዓት ትምህርት ካላችሁ የመጨረሻውን 10 ደቂቃ ለዚህ አስቀሩ። እንደ መጥምቁ ከፋፍላችሁ ንገሩ፤ ለነጋዴው ስለ ሚዛኑ፣ ለተማሪው ስለ ፈተናው፣ ለአሠሪዋ ስለ ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ ለባልና ሚስት ስለ ማታው ጸሎት። አንዲት ጥቅስ ሦስት ጊዜ ከነምዕራፏ ድገሙላቸው። ዝማሬው ከመነሣቱ በፊትም አንዲት ደቂቃ ጸጥታ ስጧቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ በልቡ ይዞ እንዲነሣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።