ማስክ እንድናደርግ የሚገፋን ምንድን ነው?

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ወረርሽኝ ሲመጣ ሁላችንም የምንሰማው ምክር አንድ ነው። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ ይባላል። አንዱ ይሸፍናል፣ ሌላው አይሸፍንም፣ ሦስተኛው ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል። ምክሩ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ከቃሉ ጋር አብረን እንየው፤ ለልባችን የሚናገረው ብዙ ነገር አለውና።

አገጩ ላይ ያንጠለጠለውን ሰው እስቲ ልብ በሉት። ፖሊስ ከሩቅ ሲመጣ ማስኩን በአንድ ጣቱ ወደ ላይ ሳብ ያደርጋል። አፍንጫው ግን አሁንም ውጭ ነው። ፖሊሱ ሲያልፍ ማስኩ ተመልሶ ይወርዳል። ሕጉ ሠርቷል፤ የሠራው ግን የሚያይ ዓይን እስካለ ድረስ ነው። ጳውሎስ በኤፌሶን 6፥6 ለታይታ የምትገዙ አትሁኑ ያለው ይህን የመሰለውን ነው። ሕግ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ግዴታ ሲሆን ብዙ ሰው ያደርጋል፤ ለሹማምንት መታዘዝም ታዘናል። ነገር ግን ሕግ የማያይበት ቦታ ብዙ ነው።

ፍርሃትም ይገፋል። የሟቾች ቁጥር በየቀኑ ሲነገር ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል። ወራት ሲያልፉ ግን ጆሮ ይለምዳል። በሽታው ሳይጠፋ ጥንቃቄው ይጠፋል። በሌላ በኩል “እግዚአብሔር የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንም” እያሉ ማስክ የሚያወልቁ ወገኖች አሉ። ጥቅሱን እስከ መጨረሻው እናንብበው። 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7 የኃይልና የፍቅር ራስንም የመግዛት መንፈስ እንደተሰጠን ይናገራል። ያልፈራ ሰው ፍቅርና ራስን መግዛት አያስፈልገውም ማለት አይደለም።

የጤና ባለሙያዎች ሰው ራሱን ለምን እንደሚጠብቅና ለምን ችላ እንደሚል ማጥናት ከጀመሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲሠሩበት የኖሩት አንድ ሐሳብ አለ። ሰው በልቡ አራት ነገር ይመዝናል ይላሉ። በሽታው ይይዘኛል ወይ? ቢይዘኝ ይጠናብኛል ወይ? ጥንቃቄው ይጠቅመኛል ወይ? ምን ያህልስ ያስቸግረኛል? እውነት ነው፣ እንዲህ ነው የምናስበው። ግን አራቱንም ጥያቄ ደግማችሁ አንብቡ። ሁሉም የሚያርፉት “እኔ” ላይ ነው። ጤነኛ የሆነ ወጣት እነዚህን ጥያቄዎች በቅንነት መልሶ “እኔን አይጎዳኝም፣ ማስክ ደግሞ ያፍነኛል” ቢል በሒሳቡ ብዙም አልተሳሳተም። የጎደለው አምስተኛው ጥያቄ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናትስ?

ይህን ጥያቄ የምንማረው ከፊልጵስዩስ 2፥4 ነው፤ እያንዳንዱ ለራሱ የሚጠቅመውን ብቻ ሳይሆን ለባልንጀራውም የሚጠቅመውን ይመልከት ይላል። የኮቪድ ተፈጥሮም ለዚህ ያስገድደናል። የተያዘ ሰው ምልክት ሳያሳይ ሊያስተላልፍ ይችላል። ማስክ ደግሞ ያደረገውን ሰው ይጠብቃል፣ ከእርሱ አፍና አፍንጫ የሚወጣውንም ይቀንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰውም ይመለከተዋል። ዘዳግም 22፥8ን አስታውሱ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን። የቤቱ ባለቤት ጣራውን ያውቀዋል፣ እሱ አይወድቅም። መከታው ለእንግዳው ነው። እግዚአብሔር ይህን በምክር አላለፈውም፤ ትእዛዝ አደረገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን የምንወስነው ብቻችንን ይመስለናል። አይደለም። እርስ በርስ እየተያየን ነው የምናደርገው። ሁሉም ሸፍኖ እኔ ባዶ ፊቴን ከሆንኩ ይሉኝታ ይይዘኛል። ማንም ሳይሸፍን እኔ ብቻ ከሸፈንኩም ይይዘኛል፤ ፈሪ እንዳልባል፣ ታሟል እንዳይሉኝ እላለሁ። በብዙ አገር በተደረጉ ጥናቶች ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ማስክ ሲያደርጉ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ከዚህ በስተጀርባ ይህ ዓይነቱ ኩራት እንዳለበት እገምታለሁ።

ጴጥሮስን ተመልከቱ። ገላትያ 2 ላይ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት ጋር ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ራሱን ለየ። የቀሩትም አይሁድ ተከተሉት፤ በርናባስ እንኳ ተሳበ። ጴጥሮስ ስለ ማዕድ እንዳስተማረ አልተጻፈም። ከማዕዱ ተነሣ፣ በቃ። በርናባስን የሚያህል ሰው የሳበው አንድ የተከበረ ሰው ሲያደርግ ያየው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በባንግላዴሽ 600 በሚሆኑ መንደሮች፣ 340,000 ገደማ አዋቂዎች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። በከፊሎቹ መንደሮች ማስክ ቤት ለቤት በነጻ ታደለ፣ ጥቅሙ ተነገረ፣ ያላደረገን ሰው በመንገድና በገበያ በአካል የሚያስታውሱ ሰዎች ተመደቡ፣ የሃይማኖትና የአካባቢ መሪዎችም ራሳቸው አድርገው እንዲታዩ ተጠየቁ። በሌሎቹ መንደሮች ማስክ የሚያደርገው ሰው 13 ከመቶ ገደማ ሲሆን በእነዚህ 42 ከመቶ ደረሰ። የስልክ መልእክት፣ ማበረታቻ ሽልማት፣ ቃል ማስገባትም ተሞክሯል፤ ተጨማሪ ለውጥ ግን አላመጡም። ማስክ ያደረገ ሰው ይዘናጋል የሚለው ስጋትም እዚያ አልታየም፤ እንዲያውም ሰዎች ይበልጥ ተራራቁ።

ይህን ለአገልጋዮች ነው የማነሳው። በእጅ የተሰጠ ማስክ፣ በትሕትና የሚያስታውስ ወንድም፣ አድርጎ የሚታይ መሪ። ከመድረክ “ተጠንቀቁ” ብሎ ሲወርድ ማስኩን ኪሱ የሚከት ሰባኪ፣ ምእመኑ የሚከተለው ኪሱን ነው።

የእውቀት ኩራትም እንቅፋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1910 መጨረሻ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በምትገኘው በማንቹሪያ የሳንባ ቸነፈር ተነሥቶ 60,000 ያህል ሰው ገደለ። ዉ ሊየንቴ የተባለ ወጣት የቻይና ተወላጅ ሐኪም በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ተረድቶ በጥጥና በስስ ጨርቅ የተሠራ ማስክ እንዲደረግ አዘዘ። ሜስኒ የሚባል አንጋፋ ፈረንሳዊ ሐኪም ግን ናቀው። ያለ ማስክ በሽተኞችን አየ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው በሽታ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ማስኩን ከልቡ ያዘው። ምክሩ አልተለወጠም፤ ማስረጃው ግን የአንድ ሰው ሕይወት ሆነ። የምክር ሰጪውን ዕድሜና ትውልድ አይተን ምክሩን የምንንቅ ስንቶቻችን ነን?

እምነትን ተገን አድርጎ የሚመጣው ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። “ቀኔ ከደረሰ ማስክ ምን ያደርግልኛል” የሚል አለ። መዝሙር 91ን ጠቅሶ “ወደ እኔ አይቀርብም” የሚልም አለ። መዝሙሩን እወደዋለሁ፤ በጭንቅ ቀን ብዙ ጊዜ ጸልየነዋል። ነገር ግን በማቴዎስ 4 ላይ ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር ነው። መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል አለው። ጌታም ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ብሎ መለሰ። ጌታ የአባቱን ጥበቃ አልተጠራጠረም፤ አልዘለለም እንጂ። የተስፋ ቃል ይዞ መዝለልና የተስፋ ቃል ይዞ መጠንቀቅ ይለያያሉ።

ምክሩ ራሱ መቀያየሩም ሰውን አደናግሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጤነኛ ሰው በአጠቃላይ ማስክ አልመከረም ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2020 ግን በሽታው በተስፋፋበት አካባቢ ሕዝቡ የጨርቅ ማስክ እንዲያደርግ እንዲበረታታ መከረ። ብዙ ሰው “ቀድሞ ዋሽተውናል” አለ። አዲስ ነገር ተምሮ ምክሩን ያሻሻለ ሰው ግን ዋሸ አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለመዘምራን። ከማናውቀው ሰው ጋር ስንሆን እንሸፍናለን፤ ከምንወዳቸው ጋር ስንሆን እናወልቃለን። መተማመን መከላከያ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንድ የመዘምራን ቡድን ለልምምድ ተሰበሰበ። የተገኙት 61 ነበሩ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አብረው ዘመሩ። 53ቱ በሽታው ተገኘባቸው ወይም ሳይያዙ አልቀሩም ተባለ፤ ሁለቱ ሞቱ። ወዳጆች ናቸው፣ ለመዘመር ነው የመጡት። ስንዘምር ከአፋችን የሚወጣው በዝግታ ስናወራ ከሚወጣው ይበልጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ልምምዱን ከቤት ውጭ አድርጉት፣ አሳጥሩት፣ ማስካችሁንም አድርጉ።

ያላደረገውን ሰው ስታዩ ደግሞ ለፍርድ አትቸኩሉ። መግዣ ያጣ አለ። የመተንፈስ ሕመም ያለበት አለ። ከንፈር አይቶ የሚረዳ መስማት የተሳነው ወንድም፣ ሁላችን ስንሸፍን ከጉባኤው መካከል ሆኖ ብቻውን ይቀራል። በር ላይ የምታገለግሉ ወገኖች፣ ትርፍ ማስክ ይኑራችሁ፤ “ለምን አላደረግክም” ሳትሉ ስጡ። መስማት ከተሳነው ወንድም ጋር ስትነጋገሩ ወደ ውጭ ውጡ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ማስካችሁን ዝቅ አድርጉለት። ካልሆነም ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ የዕለቱን ጥቅስም ጻፉለት።